ጋሼ ድገመው እና ዘጠኙ ማሽኖች

በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ጋሼ ድገመውን የማያውቅ ሰው የለም፤ አለ ከተባለም ትናንት የተቀጠረ ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ከሰው ሀብት ክፍል በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። በሳቸው ሕግ፣ ኮምፒውተር ላይ የማይመለስ ነገር ልትሠራ ስትል፣ ኢንተሯን ከመጫንህ በፊት የጻፍከውን ከጎንህ ላለው ሰው ጮክ ብለህ ማንበብ አለብህ። አንብበህ ስትጨርስ ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ድገመው» ይሉሃል። ትደግመዋለህ። ምን ታደርጋለህ!

ይህ አመል ሥራ ቦታ ብቻ ቢቀር ደግ ነበር። አልቀረም። ፋርማሲስቷን «ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ» ስትላቸው ያስደግሟታል። ትልቋን ልጃቸውን ሊያገባ የመጣው ጎረምሳ «እስከ ዕለተ ሞቴ እንከባከባታለሁ» ቢላቸው «እስቲ ድገመው» አሉት ይባላል። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ደገመው፤ ልጅቷንም ሰጡት። እስከ ዛሬም ደህና ይኖራሉ፤ እንግዲህ ምን ይባላል።

ሲጀመር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። በሃያ ሁለት ዓመታቸው አምፖል ሊቀይሩ ገቡ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ኮምፒውተር በካርቶን ታሽጎ መጣና ደፍሮ የሚነካው ሰው ጠፋ። የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ «ሽቦ ያለው ነገር ሁሉ የሱ ነው» ብሎ እሳቸው ላይ ጣለው። ጋሼ ከካርቶኑ ጋር የመጣውን መጽሐፍ መዝገበ ቃላት አጠገቡ አድርገው፣ በቀን ሁለት ገጽ፣ ስምንት ወር ሙሉ አነበቡት። ሲጨርሱ ኮምፒውተሩ አርጅቷል ተብሎ ሌላ መጣ። አልተናደዱም። እንደገና ከገጽ አንድ ጀመሩ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ የሰርቨር ሰው ሆኑ፤ ኋላም የቨርቹዋል ማሽን ሰው። «ቨርቹዋል ማሽን ምንድነው?» ብላ የልብስ እጥበቷ ኃላፊ አንድ ቀን ይዛቸው ነበር። የሰጧት መልስ እስካሁን በግቢው ይነገራል።

«አንድ ትልቅ ግቢ አስቢ። ግቢው ብረቱ ነው፤ ሰርቨሩ። ውስጡ ብዙ ቤት አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ በር አለው፣ ተከራዮቹ አይተዋወቁም። አንዱ ቤት ቀጠሮ ይይዛል፣ አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ይይዛል፣ አንዱ የናንተን የአንሶላ ቁጥር ይይዛል። በሩ ላይ ደግሞ ዘበኛ አለ። ቤት ሥራ ሲሉት ይሠራል፣ አፍርስ ሲሉት ያፈርሳል።»

«ለምን ብሎ አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛስ ለጠላቴም አይስጠው!» አለች ሴትየዋ። ጋሼ እስኪያነቡ ሳቁ፤ እውነቷን እንደሆነ ግን ከሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

አሁን ወደ ባቡር ልምጣ። ባቡር ያሏት እሳቸው ናቸው። በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ፊት ለፊት ተያይተው አስራ ስድስት ዓመት የሠሩ ባልደረባቸው ናት። አርባን ተሻግራለች፣ የአንድ ልጅ እናት ናት፣ ጣቷ ኪቦርድ ላይ ሲሮጥ ግን አይታይም። እሳቸው አንድ መስመር እስኪጽፉ እሷ ሥራውን ጨርሳ ሻይ ታዝዛለች። «ባቡር፣ ሐዲዱን እዪ እንጂ» ይሏታል። «ጋሼ፣ እርስዎ እስኪደግሙት በሽተኛው ድኖ ይወጣል» ትላቸዋለች። ሲነታረኩ የሰማ ሰው የሚጣሉ ይመስለዋል። አባቷ የሞቱ ጊዜ ግን አስር ቀን ሙሉ ሥራዋን ከራሳቸው ሥራ ደርበው ይዘውላት፣ ስትመለስ ጠረጴዛዋን እንኳ አቧራ አላገኘችበትም። ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸውም የክፍሉ ኃላፊነት ለሷ እንዲሰጥ ደብዳቤ ጽፈው ያስገቡ እሳቸው ናቸው። ትወዳቸዋለች። በአፏ ብላው አታውቅም እንጂ ትወዳቸዋለች።

ባለፈው ዓመት ዳይሬክተሩ አንድ ስብሰባ ተካፍሎ መጣና «ከእንግዲህ በእጅ የሚሠራ ነገር የለም፣ ሁሉም በአውቶሜሽን!» አለ። ድሮ ጋሼና ባቡር ራሳቸው ዘበኛው ዘንድ እየሄዱ «ሥራ፣ አፍርስ» ይሉ ነበር። አሁን የሚፈልጉትን ፋይል ላይ ይጽፉታል፤ መሣሪያው ፋይሉን ይዞ ሄዶ ያስፈጽማል። መሣሪያው እንዲሄድ ሦስት ነገር ይነገረዋል፤ የየትኛውን ግቢ በር እንደሚያንኳኳ፣ በማን ስም እንደሚገባ፣ ፓስወርዱ ምን እንደሆነ። ግንኙነት ማዋቀር የሚባለው ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ግቢዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዱ በሽተኛ የሚስተናገድበት እውነተኛው ነው። ሌላው መለማመጃ ነው፤ የእውነተኛው ግልባጭ፣ የቤቶቹ ስም ሳይቀር አንድ የሆነ። «ቀጠሮ» የሚባል ማሽን እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።

ስሙ ላይ ሲደርሱ ተከራከሩ።

«ለኔ አንድ ስም፣ ላንቺ አንድ ስም እናውጣ። ነገ ማን ምን እንደሠራ ይታወቅ» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ ደግሞ! ሁለት ሰው ነን፣ ክፍሉ ውስጥ ድመት እንኳ የለች። አንድ ይበቃናል።»

«አንድ ስም ለሁለት ሰው…»

«የሚሠራው መሣሪያው ነው እኮ፣ እኛ አይደለንም!»

ጋሼ እሷን እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ተዉት። ባቡር መዝገቡ ላይ «ሮቦት» ብላ አንድ ስም አስገባች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱም በሮቦት ስም ገቡ፣ በሮቦት ስም ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ባቡር እውነተኛውን ግቢ ከፍታ ምን ያህል ቦታ እንደቀረው አየች። ስልኳ ጮኸ። የልጇ አስተማሪ ናት፤ የልጁ ጥርስ ወልቋል፣ ለእናቴ ካልነገርኩ አልማርም ብሎ አስቸግሯል። ልጁ በጎደለ ጥርሱ እየተኮላተፈ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከላት። እየሳቀች ዘጋችው። ጋሼ በዚያ መሀል የላቦራቶሪውን ማሽን አቅም ጨምረው፣ ማቀዝቀዣው የሚያሰማው ድምፅ ስላልጣማቸው ወደ ሰርቨሩ ክፍል ገብተው ነበር። ባቡር በየሳምንቱ እንደምታደርገው የመለማመጃውን ዘጠኝ ማሽን ልታፈርስ ጻፈች፤ አፍርሳ አዲስ ትሠራለች። የሚያዳምጣት ሰው አልነበረም፣ ለመለማመጃ ነገር ደግሞ ማን ያነባል ብላ አላነበበችም። መሣሪያው «ዘጠኝ ጠፍቷል» አላት። ሻይ ልትጠጣ ተነሣች።

ሻይዋን ሳትጨርስ ሆስፒታሉ ታመሰ። የካርድ ክፍሏ ልጅ «ቀጠሮ የለም! አንድም ቀጠሮ የለም!» እያለች በኮሪደሩ ሮጠች። ላቦራቶሪው ውጤቱ ጠፋው፣ ፋርማሲው ማዘዣ አጣ። የእውነተኛው ግቢ ዘጠኝ ቤት ድራሹ ጠፍቷል። ሁለቱ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ ከመጠባበቂያ ቅጂው እየገለበጡ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መለሱት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን ነው። የአንድ ጠዋት ቀጠሮ ጠፋ፣ ብዙ ሰው ተጉላላ፣ ብዙ ስድብ ተሰደበ።

በማግሥቱ ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ የታተመውን መዝገብ አንሥቶ አነበበ። «ሮቦት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአስራ ሁለት። ዘጠኝ ማሽን አጠፋ።» ከዚያ ቀና አለ። «ሮቦት ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሼ።

ባቡር ዞር ብላ አየቻቸው። ፊታቸው ወረቀት መስሏል።

«በዚያ ሰዓት እውነተኛው ግቢ ላይ ስሠራ የነበርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «የጻፍኩት ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር። እንዴት አፍርስ እንዳልኩት… አላስታውሰውም።»

አመነች። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ነገር በሐሳቧ ውል አላላትም፤ እሷ መለማመጃው ላይ ነበረች። ሲወጡ ክንዳቸውን ይዛ «ጋሼ፣ ማንም ሰው ይሳሳታል፣ አይዞዎት» አለቻቸው። ትከሻቸውንም መታ መታ አደረገች። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን የቸገረው ሰው ነበር። ፓስወርዳቸውን አስዘግቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርደው የተረፈ ኬብል በየዓይነቱ እንዲለዩ አደረገ። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሠርተው መጨረሻቸው ገመድ መጠቅለል ሆነ።

ከሰዓት በኋላ መነጽራቸውን ረስተው ኖሮ ሊወስዱ ብቅ አሉ። በሩ ላይ ቆሙና «ባቡር፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት?» አሏት።

«ሃምሳ ስድስት። ምነው?»

«አዎ። ሃምሳ ስድስት» ብለው ሄዱ። ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሐሙስ ጠዋት ባቡር ብቻዋን ተቀምጣ የተጠራቀመ ሥራዋን ጀመረች። ማክሰኞ ያፈረሰቻቸውን የመለማመጃ ማሽኖች እንደገና ልትሠራ የመለማመጃውን በር ነግራ መሣሪያውን ላከችው። መሣሪያው ተመልሶ መጣ፤ የሚሠራ ነገር የለም፣ ዘጠኙም አሉ።

እንዴት ሊኖሩ ይችላሉ? አፍርሳቸዋለች እኮ!

የመለማመጃውን ግቢ ራሷ ከፍታ አየች። «ቀጠሮ» አለ። «ላቦራቶሪ» አለ። «ፋርማሲ» አለ። ዘጠኙም ካለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጀምሮ ያለማቋረጥ እንደሠሩ ተጽፎባቸዋል። ማንም አልነካቸውም። ማክሰኞ ትእዛዝ የጻፈችበትን ጥቁር መስኮት ኮምፒውተሯ ላይ አልዘጋችውም ነበር። ወደ ላይ፣ ወደ ላይ ሄደች። ከሁሉ በላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ ቦታ ልታይ ስትል ራሷ የጻፈችው የእውነተኛው ግቢ በር ተቀምጧል። መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ ያንን በር ይዞ ይቆያል፤ አንድ ጊዜ የነገርከውን አይረሳም። ከልጇ ጋር ስቃ ተመልሳ «አፍርስ» ስትል፣ መሣሪያው የሄደው ወደዚያው ነው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ባቡር ያፈሰሰችውን ግን ሌላ ሰው እየለቀመላት ነው፣ ግምጃ ቤት ውስጥ። «አይዞዎት» ያለችው ትዝ አላትና ፊቷ ነደደ። ትከሻቸውን መታ መታ ያደረገችበትን እጇን ልትቆርጠው ምንም አልቀራት።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣ። ሰው ናት፣ ምን ይደረግ! ጋሼ አራት ወር ነው የቀራቸው። እሷ አስራ ስምንት ዓመት ይቀራታል። ነገሩን እሳቸው ራሳቸው ተቀብለውታል፣ ማንም አልገፋቸውም። መዝገቡም ሮቦት ነው የሚለው። የሚያጋልጧት እነዚህ ዘጠኝ የመለማመጃ ማሽኖች ብቻ ናቸው፤ አሁን ብታፈርሳቸውና ያንን መስኮት ብትዘጋው፣ ዓለም ሁሉ ቢሰበሰብ የሚያውቅ የለም። ጻፈችው። በሩ መለማመጃው መሆኑን ሁለት ጊዜ አየች፣ እንዲህ ሲሆን መጠንቀቅ ታውቅበታለች! መሣሪያው ጠየቃት፤ ዘጠኝ ሊጠፋ ነው፣ አዎ ወይስ አይደለም?

ጣቷ ኢንተሯ ላይ ሆኖ ቆየ። ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው። የወንበሩ ልብስ በአስራ ስድስት ዓመት ውስጥ የሰውየውን ጀርባ ቅርፅ ይዟል። ባቡር ድንገት ሆዷ ባባ፤ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ጠብ ጠብ አለ። «አይደለም» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሐሳቧ ሳይቀየር ልድረስ ብላ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

ግምጃ ቤቱ መስኮት የለውም። ጋሼ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሰማያዊ ኬብል በክንዳቸው ይጠቀልላሉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጆሮዋን ስትጥል የልጆቻቸውን የልደት ቀን እየቆጠሩ ነው፤ የትልቋን፣ የመካከለኛውን፣ የመንትዮቹን።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ገና ከበሩ። «የማክሰኞውን። እኔ ነኝ።»

ኬብሉን አላስቀመጡም። «ምን ትያለሽ?»

ነገረቻቸው። ትንፋሽ እያጠራት፣ ከስልኩ ጀምራ፣ ስለ ልጁ ጥርስ፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ ዘጠኙ ማሽኖች። አሁን እነዚያኑ አፍርሳ ልትደብቀው ጣቷን ኢንተሯ ላይ አድርጋ እንደነበር እንኳ አልደበቀችም። ጋሼ እንደ ሐኪም አንድ በአንድ ጠየቋት።

«በሩን ያስገባሽው ስንት ሰዓት ነው?»

«ከሦስት ሰዓት በፊት።»

«መስኮቱ አልተዘጋም?»

«አልተዘጋም። አሁንም አለ፣ ይምጡና ይዩት።»

«እኔ የጻፍኩትስ?»

«ልክ ነበር። የላቦራቶሪውን አቅም ነው የጨመሩት። ሌላ ምንም አልጻፉም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ጋሼ።»

«ማለት… የማስታውሰው ሁሉ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

ባቡር ስድብ ጠብቃ ነበር። ውጪልኝ ቢሏት፣ በያዙት ኬብል ቢያቀምሷት እንኳ ተዘጋጅታለች። ጋሼ ግን ሁለት እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሲገልጡት ዕንባ ሞልቶታል፤ አፋቸው ግን እየሳቀ ነው።

«አባቴን ሲጀምራቸው እንዲህ ነበር» አሉ። «በሩን በራሳቸው እጅ ቆልፈው፣ እኔ አልቆለፍኩም ይሉ ነበር። በስልሳ ዓመታቸው ነው። በኋላ እኔን ራሴን፣ አንተ ማነህ አሉኝ። ይኸው እኔም ደረስኩ አልኩ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። አእምሮዬ ሄደ አልኩ፣ ገባሽ? ሥራው ምን ያደርግልኛል! አእምሮዬ ሄደ ብዬ እኮ ነው!»

ባቡር ሳጥኑ ጥግ ላይ ተቀመጠች። የሥራ ስማቸውን ነው የወሰድኩባቸው ስትል ነበር፤ ለካ የወሰደችባቸው እሱ አልነበረም። የማባዛቱ ነገር ገባት። የልደቱም ገባት።

እሳቸው ግን አላዩዋትም፤ ስልካቸውን እያወጡ ነው። ለባለቤታቸው ደወሉ።

«አንቺ! አይደለሁም! እኔ አይደለሁም!» ብለው ጮኹ። «ደህና ነኝ እልሻለሁ! ጭንቅላቴ ደህና ነው! የነርቭ ሐኪሙን ተዪው፣ የሰኞውን ሰርዢው… አዎ! ባቡር ናት… ኧረ አላሾፍኩም፣ ይቺውልሽ አጠገቤ፣ ራሷ መጥታ ነገረችኝ!»

ከስልኩ ውስጥ የባለቤታቸው ለቅሶ ተሰማ። ጋሼ «በቃ፣ በቃ እንጂ» እያሉ ራሳቸውም ያለቅሳሉ። ኋላ ስልኩን ለባቡር ዘረጉላት።

«እሷን ስጠኝ ትላለች። እንኪ።»

ልትሸሽ ቦታ የለም። ጆሮዋ ላይ አደረገችው። ባለቤታቸውን ታውቃቸዋለች፤ በየዓመቱ ለልጇ ሹራብ በእጃቸው ሠርተው የሚልኩላት እትዬ ናቸው። ይውቀሱኝ፣ ይስደቡኝ ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ» አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ተቆራርጦ። «ሁለት ቀን ሙሉ ቤታችን ለቅሶ ቤት ሆኖልሽ ነበር። ባሌን መለስሽልኝ። እግዜር ይስጥሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ። ተባረኪ።»

ያንን ሰው የወሰደችባቸው እሷ ናት፣ ሁለቱን ቀን ያስለቀሰቻቸው እሷ ናት፤ ይኸው ምርቃት ወረደላት። ባቡር ስልኩን በሁለት እጇ ጨብጣ አለቀሰች።

ጋሼ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ «አሜን በያት እንጂ፣ ትጠብቃለች» አሏት።

«አሜን» አለች ባቡር። «አሜን፣ እትዬ። ይቅር ይበሉኝ።»

ከዚያ ተያይዘው ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ወጡ። ደረጃውን ሲወጡ የቀደሙት እሳቸው ነበሩ።